ጉዱ ካሳና የግድግዳው ዓይን

ቢቸና ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተቀምጫለሁ። ጧት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የሄድሁት አንድ የቆየ የቤተሰብ ወረቀት ለማስፈረም ነበር። ኃላፊው ገና ስላልገቡ ዘበኛው አጠገብ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተጎለትሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት የጣት አሻራ መቀበያ መሣሪያ ተሰቅላለች። ሠራተኛው እየመጣ አውራ ጣቱን ይሰጣታል፤ እሷም አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ አድርጋ በእንግሊዝኛ ታመሰግነዋለች።

በመካከሉ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ከሁሉም ቀድማ የገባች ናት። ግቢውን ጠርጋለች፣ ቢሮዎቹን ወልውላለች። ገና ሳይነጋ ስትሞክር እምቢ ብሏት ኖሮ አሁን ለመድገም መምጣቷ ነው። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ሰጠች። ቀይ መብራት በራ። መሣሪያዋም በዚያው በእንግሊዝኛዋ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለችኝ፣ አያ?»

«ድገሚ ነው የምትልሽ፣ እታለም» አሉ ዘበኛው።

ደገመች። ሠለሰች። እጇን በትንፋሿ አሙቃ አራተኛ ሞከረች። ኋላ ባልዲዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች። በዚያ ጧት መሥሪያ ቤቱ በመዝገቡ ላይ የጽዳት ሠራተኛ አልነበረውም፤ ወለሉ ግን ተወልውሎ ያበራ ነበር።

ኋላ ስንጨዋወት እንደነገረችኝ፣ በወር መጨረሻ ከደመወዟ የስድስት ቀን ተቆርጦ ይጠብቃታል። የቀረችበት ቀን ግን የለም። ጥፋተኛው እጇ ነው። ሳሙናና በረኪናው የጣቷን መስመር በልቶታል። ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ጭቃ ሲያቦካ፣ ማረሻ ሲጨብጥ የኖረ እጅ መስመሩ እየጠፋ ስለሚሄድ አሻራ አንባቢ መሣሪያ በቀላሉ እንደማያውቀው የታወቀ ነገር ነው። እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱት! ሥራን እንድትቆጣጠር የተገዛች መሣሪያ አብዝታ የምትስተው አብዝቶ የሠራውን እጅ ነው።

ኃላፊው ሲገቡ ስለ ወረቀቴ ከጨረስን በኋላ፣ አላስችል ብሎኝ፣ የሴትዮዋን ነገር አነሣሁባቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። በትሕትና ሰሙኝና አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ መለሱልኝ፤ «መሣሪያው አይዋሽም።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር የሚደረግ ክርክር ነው።

* * *

ወደ ቢቸና ስወርድ በቦርሳዬ የነበረው መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ምክንያት ነበረኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስንቱ እንዳነበበው፣ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ጆሮውን እንደሰጠው አንባቢ ያውቃል። የታሪኩ እምብርት የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙም አይርቅም። መጽሐፉን በአገሩ አየር ላይ እንደገና ላንብበው ብዬ ነበር የያዝሁት። በዚያች ጧት ያየሁት ግን አነባበቤን አጣመመው፤ ወይም አቃናው።

ይህን መጽሐፍ ስንተች የኖርነው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የፍቅር ታሪክ ነው ይላል፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ። ሌላው የባላባት ሥርዓት ክስ ነው ይላል፤ ፊታውራሪ መሸሻና ጭሰኞቻቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን በቢቸና አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳነበው ሦስተኛ ነገር ታየኝ። በዛብህ እኮ ተቀጣሪ ነው! በሰው ቤት፣ የሰው ልጅ ለማስተማር የገባ፣ በጌታው ዓይን ሥር የሚውል ሠራተኛ። መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ከማን ጋር ሳቀ፣ ፊቱ ለምን ጠቆረ፣ ይህን ሁሉ የሚያይ በአሽከርና በገረድ የተሞላ ቤት ነው የገባው። የሚሠራበት ቦታና የሚወድበት ቦታ አንድ በመሆኑ ሥራውን የሚጠብቀው ዓይን ልቡንም ይጠብቀዋል። ነገሩ ሊታወቅ ሲል የቀረው ምርጫ መሸሽ ብቻ ሆነ፤ ወደ አዲስ አበባ።

በዚህ ዓይን ሲታይ የመጽሐፉ ትልቁ ሰው ጉዱ ካሳ ይሆናል። ካሳ ዳምጤን አገሩ «ጉዱ» ያለው ሌላው የሚያየውን አይቶ ሌላው የማይናገረውን ስለሚናገር ነው። የፊታውራሪውን ትዕቢት፣ የዘር ቆጠራውን ከንቱነት፣ በጭሰኛው ጫንቃ ላይ የተቀመጠውን ሥርዓት በአደባባይ ያጋልጣል፤ ዘመድ ናቸው ብሎ አይምርም። ይኸው አፉ የማይገደብ ሰው ግን አንድ ነገር አውቆ ዝም ይላል። የሁለቱን ልጆች ፍቅር ያውቃል፤ ይሸፍናልም። ያጋልጣል ብለን የምናውቀው ሰው ሲሸፍን እናገኘዋለን።

ይህ የጠባይ መጣረስ ይመስላል፤ አይደለም። ጉዱ ካሳ ሕግ አለው። የጉልበተኛውን የአደባባይ ሥራ ይገልጣል፤ የደካማውን የጓዳ ነገር ይሸፍናል። እኔ በበኩሌ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ስብከት ሁሉ ይልቅ ይህች ሳይነገር የምትሠራ ሕግ ትበልጥብኛለች።

ነቀፌታም አለኝ። ሐዲስ ያን ሁሉ ዓይን የሞላበት ቤት ሠርተው ሳለ ዓይኖቹን እምብዛም አያናግሯቸውም። አሽከሮቹና ገረዶቹ በአብዛኛው ጥላ ሆነው ያልፋሉ። ወጥ የምትሠራዋ ምን አየች? በር የሚጠብቀው ስንቱን አይቶ ስንቱን ዋጠ? መጽሐፉ ይህን ቢነግረን ኖሮ ዛሬ የቢቸናውን ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛዋን ለማንበብ ይበልጥ በረዳን ነበር። እነሱን ለማንበብ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ሞጣ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

* * *

ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ይገባል። እዚያ የሚኖር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ። ማታ የቢቸናውን ነገር ስነግረው እንደ እኔ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሳቀብኝ።

«አንተ የድሮውን ፊርማ ረሳኸው?» አለኝ።

አልረሳሁትም። የቢሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጧት መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ሰዓቱ ሲሞላ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሠምራል፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ጓደኛዬ እንደሚለው ግን ቀዩ መስመር ለሁሉም ቀይ አልነበረም። የኃላፊው የእኅት ልጅ በአራት ሰዓት መጥታ ከመስመሩ በላይ በተተወላት ባዶ ቦታ ትፈርም ነበር። አለቃውን ያስቀየመ ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስ ይሠመርበታል። «መሣሪያዋ ዘመድ የላትም፤ ጉቦ አትበላም። ለእኛ ለወገን የለሾቹ ፍትሕ ናት» አለኝ።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሰው ዓይን የተበደለ ሰው ዓይን የሌለውን ዳኛ ቢወድ ምን ይፈረድበታል? እኔም ያን ሌሊት መልስ አላገኘሁለትም።

መልሱን በማግሥቱ የሰጠችኝ አንዲት የሱቅ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባለ ሱቁ አዲስ አበባ ይኖራል፤ ከጣሪያው ሥር ባስገጠመው ካሜራ ሱቁንም ልጅቱንም በስልኩ ያያል። ሳሙና ልገዛ ገብቼ ዳቦ በሻይ ስትበላ አገኘኋት፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ፣ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ።

«እህቴ፣ ምነው ዞረሽ?» አልኋት።

ወደ ጣሪያው በአገጯ አመለከተችኝ። «ስጎርስ እንዳያዩኝ ነው፣ ጋሼ። አንድ ቀን ደውለው ‘ዛሬስ በልተሽ አልጠግብ አልሽ’ ቢሉኝ አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምበላው።»

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ የማያስታውስ የለም። ያን ጊዜ ትንፋሽ አግኝታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ካሜራው እኮ እንደተሰቀለ ነው። ይይ አይይ በምን አውቃለሁ? ያን ጊዜም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የበላሁት።»

ይህችን ልጅ ስሰማ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ትዝ አለኝ። ጄረሚ ቤንታም የተባለው እንግሊዛዊ የሕግ ፈላስፋ «ፓኖፕቲኮን» ብሎ የሰየመውን የሕንጻ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1791 አሳተመ። ሕንጻው ክብ ነው፤ በመካከሉ ጠባቂ የሚቀመጥበት ማማ አለ፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይታያሉ፤ ጠባቂውን ግን አያዩትም። በማማው ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ስለማያውቁ ሁልጊዜ እንዳለ ሆነው ይኖራሉ። ሰው ይህን የሚያውቀው የእስር ቤት ንድፍ አድርጎ ነው። ሐሳቡ የተወለደው ግን በእስር ቤት አይደለም። የቤንታም ወንድም ሳሙኤል፣ በሩሲያው መስፍን በፖተምኪን ርስት በክሪቼቭ ሳለ፣ ሠራተኞችን በአንድ ዓይን ለመቆጣጠር ያሰበው የሥራ ቤት ነበር፤ ጄረሚም እ.ኤ.አ. በ1787 ሐሳቡን ከዚያው በደብዳቤ ጻፈው። እስረኛው የተከተለው ሠራተኛውን ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ ፖተምኪንን ሰምታ የማታውቅ የሞጣ ልጅ፣ ኢንተርኔት በሌለበት፣ ለማያያት ካሜራ ጀርባዋን ሰጥታ ዳቦዋን ትበላለች።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አገራችን ደግሞ መቼ ነው የግል ሕይወት የሚባል ነገር የምታውቀው? በአንድ ከተማ ውስጥ የሁሉን ጓዳ ሁሉም ያውቀው የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። በቢቸናም በሞጣም የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የማን ደመወዝ ለማን ዕዳ እንደሚሄድ፣ ማን ማታ ጠጥቶ እንደገባ ጎረቤት ያውቃል። ነገር ግን ቋንቋችን አንድ ቃል አለው፤ ገበና። ሌላውም ገመና ይለዋል።

ቃሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ገበና ሰው የማያውቀው ነገር ማለት አይደለም፤ ያ ምስጢር ነው። ገበና ሰው ቢያውቀውም የሚሸፍነው ነው። «ገበና ከታች» ብለን የምናመሰግነው ያላየውን ሰው አይደለም፤ አይቶ ነጠላውን የጣለበትን እንጂ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የግል ሕይወት አጥሩ ግድግዳ አይደለም። አጥሩ የተመልካቹ ግዴታ ነው። ያየህ ሰው ባየው ነገር ባለዕዳ ይሆናል።

የጉዱ ካሳ ሕግ ይህ ነው። የሱቋ ልጅ ያጣችውም ይህ ነው። ጎረቤቶቿ ስትጎርስ ሁልጊዜ ያይዋታል፤ ፊቷን አላዞረችባቸውም። ያዞረችው አይቶ በማይሸፍነው ዓይን ላይ ነው። ካሜራ አይቶ ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠውን ለማን እንደሚያሳይ፣ እስከ መቼ እንደሚያቆይ አይነግርም፤ ዕዳም የለበትም። በዚያ ላይ የጉዱ ካሳን ሕግ ገልብጦታል። በካሜራ የሚታየው የታናሽየዋ ጉርሻ ነው፤ የማይታየው በስልክ የሚመለከተው ጌታ ነው። ደካማው ተገለጠ፤ ጉልበተኛው ተሸፈነ።

ለጓደኛዬም መልሴን ያገኘሁት እዚሁ ነው። የቀዩ መስመር ክፋት አድልዎው ነበር፤ ልክ ብሏል። ነገር ግን ቀዩን መስመር የሚያሠምረው ሰው ስም አለው፤ ፊት አለው። ትከራከረዋለህ፣ ምስክር ትጠራበታለህ፣ ከበላዩ ላለው ትከስሰዋለህ፤ ባይሆን ትረግመዋለህ። «መሣሪያው አይዋሽም» ሲባል ግን ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል። መሣሪያዋ ዘመድ የላትም፤ እሺ። መሣሪያዋን የሚገዛው፣ ቅንብሯን የሚያስተካክለው፣ «ያልታወቀ አሻራ» የሚለውን «ቀሪ» ብሎ የሚተረጉመው ግን ሰው ነው፤ እሱ ዘመድ አለው። አሁን አድልዎው አልጠፋም፤ የሚደበቅበት ቦታ አገኘ እንጂ።

የማይከሰስ ጠቋሚ ለአገራችን አዲስ እንዳይመስለን። አባቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነበራቸው። ንብረት ሲጠፋ አንድ ብላቴና የሚያሰክር ነገር ይጠጣል ወይም ይታጠናል፤ በመቀነት ተይዞ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ሄዶ በወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ አያውቅም፤ ስለዚህ አይዋሽም ተባለ። የማያውቅ አይዋሽም የሚለው አስተሳሰብ ስንቱን ንጹሕ አስከፍሎ ይሆን? ሴትዮዋ ስድስት ቀኗን የከፈለችው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ልዩነቱ የዘንድሮው ሌባ ሻይ በኤሌክትሪክ መሥራቱ ነው።

* * *

የዚህ አገር ሰው ሳይጠየቅ መለካትን በቀላሉ የተቀበለበት ጊዜ የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ግብሩ የሚጣለው የገበሬው ምርት በገማቾች እየተገመተ ነበር። ጎጃም ተነሣ፤ የአመፁም ዋና ምድጃዎች ሞጣና ቢቸና አውራጃዎች ነበሩ። ገበሬው ግመታውን እንደ ግመታ ብቻ አላየውም። ነገ ቀላድ መጥቶ ርስቴን ይለካል፣ ተለክቶም ይወሰድብኛል ብሎ ነው የሰጋው። በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐይ እንቁሥላሴ አስተዳደር ላይ የነበረው ምሬትም ተጨመረበት። መንግሥት እስከ አውሮፕላን ድረስ ቢያሰማራም ነገሩ በጉልበት ብቻ አልበረደም፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም በታሰበው መንገድ ሳይሰበሰብ ቀረ።

የርስትን ጉዳይ ከጣት አሻራ ጋር ላስተካክል አልሞክርም፤ ደም የፈሰሰበት ነገር ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ልውሰድ። ገበሬው የጠየቀው ጥያቄ የዛሬዋ የጽዳት ሠራተኛ ከምትጠይቀው ጋር አንድ ነው፤ የሚለካኝ ማነው? ልኬቱ ሲሳሳት ለማን እናገራለሁ? ዛሬ የለካኸው ነገ ለምን ሊውል ነው? የሱቅ ልጅቱ አባት አያት ምናልባት ይህን ጥያቄ በጠመንጃ ጠይቀው ይሆናል። እሷ የምትጠይቅበት አፍ እንኳን አላገኘችም። አንድ ብትናገር ሌላ ልጅ ይቀጠራል።

እርግጥ ዛሬ ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንንም ሰው የግል ሕይወት፣ የደብዳቤና የስልክ ግንኙነቱን ጭምር፣ እንዳይደፈር ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዝዛል። ከሁሉም የሚቀርበን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ይህ አዋጅ የሰው መረጃ የያዘን ሁሉ ለተወሰነና ለሕጋዊ ዓላማ ብቻ እንዲይዝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ ያስገድዳል፤ ለባለቤቱም የተያዘበትን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ጠባቂው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጁን ሳነብ ያስገረመኝ ነገር ቢኖር በቋንቋው ባዕድ ይምሰል እንጂ በሐሳቡ የእኛው መሆኑ ነው። ግዴታውን የጣለው በሚታየው ላይ ሳይሆን በሚያየው ላይ ነው። ያየህ፣ የሰበሰብህ፣ ያስቀመጥህ ሁሉ ባለዕዳ ነህ ይላል። ይህ ገበና ነው፤ በአንቀጽ ተከፋፍሎ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ገበና።

የሌላውም ዓለም ፍርድ ቤቶች እዚሁ ሐሳብ ላይ ሲደርሱ አይቻለሁ። ቦግዳን ባርቡሌስኩ የተባለ ሮማኒያዊ ለደንበኞች በከፈተው የኮምፒውተር መልእክት መላላኪያ ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር ተጻጽፈሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሥራ ተባረረ፤ አሠሪው የጻፈውን ሁሉ አትሞ ፊቱ አቀረበለት። ነገሩ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈረደለት። ችሎቱ ያለው በአጭሩ የአሠሪ ትእዛዝ ሰው በሥራ ቦታው ያለውን የግል ማኅበራዊ ሕይወት ባዶ ሊያደርገው አይችልም ነው። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በስፔን አንድ መደብር ሸቀጥ በብዛት ሲጎድልበት ለጥቂት ቀናት በስውር ካሜራ መጠበቁን አልነቀፈም። ስለዚህ ጥያቄው መቆጣጠር ይቅር አይቅር አይደለም። አሠሪ ንብረቱን የመጠበቅ፣ የከፈለበትን ሥራ የማየት መብት አለው። ጥያቄው በምን ምክንያት፣ በምን ልክ፣ እስከ መቼና በማን ተጠያቂነት ነው።

ሕጉ ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በደጀን ዞሮ ቢቸና ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። መሣሪያዋ ቀድማው ደርሳለች። ለጽዳት ሠራተኛዋ መረጃሽን የማየትና የማሳረም መብት አለሽ ብላት ‘የት ሄጄ፣ ማንን ብዬ?’ ትለኛለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያንን የሚሰማ ሰው አልተመደበም፤ የሚጻፍበት ወረቀትም አልተዘጋጀም። እኔ ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ከመሣሪያዋ አጠገብ አንድ መዝገብ ይቀመጥ። ያልታወቀ ጣት ባለቤት ስሙን ይጻፍበት፤ ያየው ሰው ይመስክርለት፤ ደመወዝ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው፣ ስም ያለው ሰው፣ ቃሉን ይስማ። የሱቁም ጌታ ካሜራው ገንዘብ መቀበያውን ይይለት፤ የልጅቱን አፍ ግን ይተውላት።

* * *

ስመለስ በቢቸና አደርሁ። ጧት ወረቀቴን ለመውሰድ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ጎራ አልሁ። ዘበኛው በጋቢያቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ጣቷን ሰጠች፤ ቀይ በራ፤ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ያን ጊዜ ዘበኛው ከጋቢያቸው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። ጎንበስ ብለው በእስክሪብቶ ጻፉ። ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ቀኑ አለ፤ ስሟ አለ፤ ከጎኑ «ገባች» ይላል። ገጹ ሙሉ ነው።

«አያ፣ ማን አዘዘዎት?» አልኋቸው።

«ማንም። ያየሁትን ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ሒሳብ ክፍል ይቀበለዋል?»

«ባለፈው ወር ወስጄው ነበር። በደብተር አንሠራም አሉኝ። የዚህንም ወር እወስደዋለሁ።»

ሐዲስ ዓለማየሁ በር ላይ ያለውን ሰው አላናገሩልንም ብዬ ከላይ ነቅፌ ነበር። እኒህ ሰው ግን እጃቸውን ወደ ግቢው ዘርግተው ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ ማን ቀድሞ ወጥቶ እንደሚሄድ፣ ማን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ምን እንደሚያስጭን። ቀጥለው ስለ ሴትዮዋ ጠየቅኋቸው፤ ለምን በአንዳንድ ቀን ዓይኗ ቀልቶ እንደምትገባ። ደብተሩን ወደ ጋቢያቸው መለሱትና፣ «እሱ የቤቷ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።